ሞኝና ወረቀት

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ወረቀት የተጻፈበትን አይለቅም፤ ሞኝም አንዴ የጨበጠውን ሐሳብ፣ አንዴ የጀመረውን መንገድ አይለቅም። ተረቱ ሁለቱን ያጣመራቸው በጠባያቸው ተመሳሳይነት ነው። ይሁን እንጂ ሞኝና ወረቀት በአካል የሚገናኙበት ስፍራም አለ፤ የካርታ ጠረጴዛ። እዚያ ወረቀቱን በእጁ የያዘ ሰው በየጥቂት ደቂቃው አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ትለቃለህ ወይስ ከፍለህ ትቀጥላለህ?

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ቁማርን ለማወደስ አይደለም። ቁማር ስንቱን ትዳር እንዳፈረሰ፣ የስንቱን የወር ደመወዝ ባንድ ሌሊት እንደበላ የከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ፖከር የሚባለው የካርታ ጨዋታ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሎተሪ የቆረጠ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራው የለም። ቼዝ የሚጫወት ሰው ደግሞ የባላጋራውን ጠጠሮች ሁሉ ፊት ለፊት ያያል። ፖከር በሁለቱ መካከል ነው። ከፊሉ ይታያል፣ ከፊሉ ተሸፍኗል፤ ከፊሉ ዕድል ነው፣ ከፊሉ የሰው ሐሳብ ነው፤ ውሳኔው ግን ሁሉ ነገር እስኪታወቅ አይጠብቅም። ለመሆኑ የእኛስ ኑሮ ከዚህ በምን ይለያል? ሥራ የሚለቅ፣ ትዳር የሚይዝ፣ አገር ጥሎ የሚሄድ፣ የከሰረ ሱቁን «ልዝጋ ወይስ ልቆይ?» እያለ የሚያድር ሰው ሁሉ የሚወስነው ግማሹን ካርታ ሳያይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የቁማርተኞች ብቻ አይደለም። ሰው የያዘውን መልቀቅ ያለበት መቼ ነው? መልቀቅ ፍርሃት የሚሆነው መቼ ነው? ጥበብ የሚሆነውስ?

የክምሩ ሒሳብ

ዛሬ በብዛት የሚታወቀው የፖከር ዓይነት የቴክሳስ ሆልደም ይባላል። 52 ካርታዎች ይበወዙና እያንዳንዱ ተጫዋች ሌላ ሰው የማያያቸው 2 ካርታዎች ይደርሱታል። ለሁሉም የሚያገለግሉ 5 ካርታዎች ደግሞ በየደረጃው በጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ፤ በመጀመሪያ 3 ባንድ ላይ፣ ከዚያ 1፣ በመጨረሻም 1። በየደረጃው ውርርድ አለ። ባላጋራ ገንዘብ ሲያስይዝ፣ ተራው የደረሰው ሰው ሦስት መንገድ ይጠብቀዋል። ካርታውን ጥሎ መውጣት፣ የተጠየቀውን ከፍሎ መቀጠል፣ ወይም በላዩ ላይ መጨመር።

እንበልና በእጅዎ ካሉት 2 እና በጠረጴዛው ላይ ከተገለጡት 4 ካርታዎች ውስጥ አራቱ አንድ ዓይነት ምልክት አላቸው። አምስተኛው ቢመጣ ያሸንፋሉ፤ ካልመጣ ይሸነፋሉ። ከየምልክቱ 13 ካርታ ስላለ የሚጠብቁት ካርታ 9 ቀርቷል። ያላዩት ደግሞ 46 ነው። ስለዚህ ዕድልዎ ከ46 ዘጠኝ፣ ማለትም ከአምስት አንድ ትንሽ ያነሰ ነው።

አሁን ጠረጴዛው መካከል 400 ብር ተከምሯል እንበል። ባላጋራዎ 200 አስያዘና ክምሩ 600 ሆነ። ለመቀጠል 200 ይጠየቃሉ። ከዚህ ወዲያ ሌላ ውርርድ ባይኖርና ይኸው ሁኔታ 46 ጊዜ ቢደጋገም፣ ያልታዩት ካርታዎችም እያንዳንዳቸው አንዳንድ ጊዜ ቢወጡ፣ 9 ጊዜ 600 ብር ያገኛሉ፤ ድምሩ 5,400 ነው። 37 ጊዜ 200 ብር ይከስራሉ፤ ድምሩ 7,400 ነው። ኪሳራው 2,000 ብር ይሆናል። እንግዲያው ካርታውን መጣል ነው። ነገር ግን ክምሩ ከመነሻው 1,000 ኖሮ በተጨመረው 200 ወደ 1,200 ከፍ ያለ ቢሆን፣ 9 ጊዜ 1,200 ማለት 10,800 ነው። ከ7,400ው ኪሳራ በላይ 3,400 ብር ትርፍ አለው። እንግዲያው መክፈል ነው።

ልብ ይበሉ! በሁለቱም ጊዜ ካርታው ያው ነው፤ ዕድሉም ያው ነው። የተለወጠው በሚከፈለውና በሚገኘው መካከል ያለው ምጣኔ ብቻ ነው። «ተስፋ አለኝ ወይስ የለኝም?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም ማለት ነው። ተስፋ ሁልጊዜ አለ። ከ46 አንድ እንኳ ተስፋ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ተስፋ በዚህ ዋጋ ይገዛል ወይ?» የሚለው ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ሰው ጥፋቱ ላም መመኘቱ ላይ አይደለም፤ ለማያያት ላም በየቀኑ ግጦሽ መግዛቱ ላይ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የጎደለ አንድ ነገር አለ። ከዚያ በፊት ከኪስዎ የወጣው ገንዘብ አልተጠየቀም። ከተከመረው ብር ግማሹ የእርስዎ የነበረ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ ግን ያንን አይለይም። ክምሩ የሚቆጠረው ሽልማት ስለሆነ ነው እንጂ ንብረትዎ ስለነበረ አይደለም። አንዴ ጠረጴዛው ላይ ያረፈ ብር የማንም አይደለም።

ባለፈ ክረምት

ይህን ለመቀበል የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1494 ኢጣሊያዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የቆየ እንቆቅልሽ አቅርቦ ነበር። ሁለት ሰዎች እኩል ገንዘብ አስይዘው ሲጫወቱ ጨዋታው ሳያልቅ ቢቋረጥ፣ ገንዘቡን እንዴት ይካፈሉት? ፓቾሊ የሰጠው መልስ እስካሁን ባሸነፉት ዙር ልክ ይካፈሉ የሚል ነው። አንዱ ሁለት፣ ሌላው አንድ አሸንፎ ከሆነ ሁለት እጅና አንድ እጅ። ለጆሮ ፍትሐዊ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1654 ፈረንሣውያኑ ብሌዝ ፓስካልና ፒዬር ደ ፌርማ በደብዳቤ ሲጻጻፉ ይህንን መልስ ገለበጡት። ፓስካል እንዲህ ያለ ምሳሌ ሰጠ። ሁለቱ እያንዳንዳቸው 32 የወርቅ ገንዘብ አስይዘዋል፤ ቀድሞ ሦስት ዙር ያሸነፈ 64ቱን ይወስዳል። አንዱ ሁለት፣ ሌላው አንድ አሸንፏል። የሚቀጥለውን ዙር መሪው ቢያሸንፍ 64ቱ የእሱ ነው፤ ቢሸነፍ እኩል ስለሚሆኑ 32 ድርሻው ነው። እንግዲህ 32ቱ በማናቸውም መንገድ የማይቀርለት ነው። የቀረው 32 ግን የመገኘትና የመታጣት ዕድሉ እኩል ስለሆነ ለሁለት ይከፈላል። መሪው 48፣ ተከታዩ 16 ይውሰዱ አለ። የጨዋታው ዋጋ የሚለካው ባለፈው ሳይሆን ሊመጣ በሚችለው ነው ማለቱ ነበር። የዕድል ሒሳብ የሚባለው ትምህርት የተወለደው ከዚህ የደብዳቤ ልውውጥ ነው ይባላል።

ያገራችን ገበሬ ግን ፓስካልን ሳያነብ «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ብሎ ጨርሶታል። ችግሩ ተረቱን አለማወቃችን አይደለም። እያወቅነው አለመታዘዛችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አርክስና ብሉመር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት አንድ የዩኒቨርሲቲ ቲያትር ቤት የዓመት ትኬት ገዢዎችን በዕጣ ለሦስት ከፍለው ነበር። አንዳንዶቹ ሙሉውን 15 ዶላር ከፈሉ፤ ሌሎቹ 2፣ የቀሩት ደግሞ 7 ዶላር ተቀነሰላቸው። የሚታየው ቲያትር አንድ ነው፤ ወንበሩም አንድ ነው። ሆኖም በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ቲያትር ቤቱን አዘውትረው የጎበኙት ሙሉውን የከፈሉት ነበሩ። ሰዎቹን ወደ ቲያትር ቤት የነዳቸው የወጣ ገንዘባቸው እንጂ የድርሰቱ ማማር ብቻ አልነበረም።

ይህ የቲያትር ትኬት ሲሆን ያስቃል። ነገሩ ወደ ጦር ሜዳ ሲሸጋገር ግን ያስለቅሳል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1965 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው ጆርጅ ቦል ለፕሬዚዳንት ጆንሰን ስለ ቬትናም ማስታወሻ ጽፎ ነበር። የማስታወሻው ፍሬ ሐሳብ፣ ብዙ ወታደር ከሞተብን በኋላ ዓላማችንን ሳንፈጽም መውጣት ብሔራዊ ውርደት ስለሚመስለን መመለሻ እናጣለን የሚል ነበር። ጆንሰን አልሰማውም፤ ተጨማሪ ጦር ላከ። አሜሪካ ተዋጊ ጦሯን ጨርሳ ያወጣችው በ1973 ነው። ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል፤ የቬትናማውያኑ ቁጥር ከዚያ በብዙ ይበልጣል። በየዓመቱ ይቀርብ የነበረው ምክንያት ደግሞ «የወደቁት ደም በከንቱ አይቅር» የሚል ነበር። ይህ አባባል ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሙታንን ለማክበር ሕያዋንን መጨመር! ከዚህ የከፋ ውርርድ በየትኛው የቁማር ጠረጴዛ ይገኛል?

ጅብ ከሄደ በኋላ

እንግዲህ ነገሩ በሒሳብ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ ፖከርም፣ ኑሮም ቀላል በሆነ ነበር። ግን ባላጋራ አለ። ባላጋራ ደግሞ ይዋሻል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም የፖከር ሻምፒዮና እያንዳንዳቸው የ10,000 ዶላር ቦታ ያላቸው 839 ሰዎች ተወዳደሩ። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንዱ ሊባኖስ የተወለደው ዕውቅ ባለሙያ ሳሚ ፋርሃ ነው። ሌላው የቴነሲ ግዛቱ የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር ሲሆን፣ ወደ ሻምፒዮናው የገባው በኢንተርኔት በተደረገ አነስተኛ ክፍያ ባለው ማጣሪያ ነበር። ከእጆቹ በአንዱ ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ይዟል። መኒሜከር የሚጠብቀው ካርታ ሳይመጣለት ቀርቶ ባዶ እጁን ነው። ሆኖም መኒሜከር ያለውን ሁሉ አስያዘ። ፋርሃ አሰበ፤ ተጠራጠረ፤ የባላጋራውን ፊት መረመረ። በመጨረሻም ካርታውን ጣለ። መኒሜከር ብዙም ሳይቆይ ውድድሩን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

በቴሌቪዥን የተመለከተው ሕዝብ የሁለቱንም ካርታ ያይ ነበርና ፋርሃ መክፈል እንደነበረበት ለማወቅ አልተቸገረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን። ፋርሃ ግን የሚያየው የራሱን ሁለት ካርታ፣ በጠረጴዛው ላይ ያሉትን አምስትና አንድ ዝም ያለ ሰው ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉት ካርታዎች ጥንድ ዘጠኝን የሚያሸንፍ እጅ ሊፈጥሩ የሚችሉ ነበሩ። ታዲያ ተሳስቷል ወይስ አልተሳሳተም?

እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ ላይ ሁለት ፍርዶችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ በውጤት ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው፤ ፋርሃ ተጎድቷል። ሌላው በውሳኔ ላይ የሚሰጥ ነው። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት ይታይ በነበረው ነገር ነው። ሰክሮ መኪና እየነዳ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው ጎበዝ አሽከርካሪ አይባልም። ልጁን ለማሳከም የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ልጁ የሞተበት አባትም ጥፋተኛ አይባልም። ይሁንና ይህ መርሕ መሸሸጊያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። «በጊዜው አላወቅሁም» የሚል ሰው፣ ሊያየው ይችል የነበረውን ሁሉ አይቶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። አለማወቅ ይቅር ይባላል፤ ለማወቅ አለመፈለግ ግን ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው።

ከሞኝ ደጅ

እስካሁን ያልነውን የሰማ ሰው ጥበብ ማለት ቶሎ መጣል ነው ሊል ይችላል። እውነትም የፖከር ዋና ዋና ባለሙያዎች ከሚደርሷቸው እጆች አብዛኛውን ገና ከመጀመሪያው ይጥላሉ። ጀማሪው ነው ሁሉንም ካላየሁ የሚለው። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚጥል ሰውም ይጠፋል።

ይህን በሒሳብ ያስረዳው ከሃንጋሪ የተገኘው ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ጨዋታዎች ባወጣው ጽሑፍ፣ በኋላም በ1944 ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ፖከርን መርምሯል። ባቃለለው የፖከር ምሳሌ እንዳሳየው፣ ጠንካራ እጅ ሲይዝ ብቻ ገንዘብ የሚያስይዝ ተጫዋች ወዲያው ይታወቅበታል፤ ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ በመጥፎ ካርታም ማስያዝ አለበት። የሌላው ወገን ግዴታም ከዚሁ ይከተላል። ውሸት ያለ ዋጋ እንዳይቀር አንዳንድ ጊዜ፣ እርግጠኛ ሳይሆኑም፣ መክፈል ያስፈልጋል።

ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ለዚህ ነው። አከራይ ቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር ዝም የሚል፣ አለቃ በጮኸ ቁጥር አንገቱን የሚደፋ፣ ድንበሩ በተገፋ ቁጥር «ለጥቂት ክንድ መሬት ምን አጨቃጨቀኝ?» እያለ የሚያፈገፍግ ሰው በእያንዳንዱ ቀን ሒሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል። አንዱን ቀን ለብቻው ብናየው ጠቡ ከሚያስገኘው ይልቅ የሚያስወጣው ይበልጣል። የቀኖቹ ድምር ግን ሰውየውን ደጀ ሰፊ ያደርገዋል። ከዚያም አልፎ ገፊው ልማድ ያወጣና ወደ ሌላው ጎረቤት ይሻገራል። እንግዲህ የማይገባ ነገር ሲደረግ «ካርታህን አሳየኝ» ብሎ መክፈል አንዳንድ ጊዜ ለራስ ትርፍ ብቻ ሳይሆን ለሌላው ሰው የሚደረግ ነው።

እልህ

ነገር ግን ለፍትሕ መክፈልና ለእልህ መክፈል ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአራት ዕውቅ የፖከር ባለሙያዎች ጋር 20 ቀን ሙሉ ተጫውቶ ነበር። በ120,000 እጅ ላይ በጠቅላላው አሸነፋቸው። ማሽኑ ያሳስታል፤ ይጥላል፤ ይከፍላል። ሲዋሽ አይሽኮረመምም፤ ሲዋሽበት አይናደድም። ያለፈው እጅ ላይ የደረሰበት ሽንፈት በሚቀጥለው እጅ ላይ ደሙን አያፈላውም፤ ደም የለውምና።

ሰው ግን እልህ ምላጭ ያስውጠዋል። የተሸነፈ ቁማርተኛ የሚከፍለው ብሩን ለማስመለስ ብቻ አይደለም። ተበልጦ መታየቱ ያቃጥለዋል። ከጠረጴዛው ዙሪያ ያሉ ሰዎች ምን ይሉኛል ይላል። ይሉኝታ የሚባለው ነገራችን ሁለት ስለት አለው። አንዱን «ምን ይሉኛል?» አስብሎ መከራከር ሲገባው ያስጥለዋል፤ ሌላውን «ምን ይሉኛል?» አስብሎ መተው ሲገባው ያስከፍለዋል። የሁለቱም ስሕተት ምንጭ አንድ ነው። ካርታውን የሚያዩት በራሳቸው ዓይን ሳይሆን በተመልካች ዓይን ነው።

ካርታ የማያውቀው ነገር

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ ደረስን። ያለፈው አይቆጠርም ካልን፣ ታማኝነት የሚባል ነገር ምን ቦታ አለው? የ20 ዓመት ሚስቱ የታመመችበት ሰው «የወጣው ወጥቷል፤ ከዚህ በኋላ የማገኘው ከማወጣው ያንሳል» ብሎ ቢሄድ ጥሩ ተጫዋች እንለዋለን? አንለውም። ስም አናጣለትም፤ ግን ጥሩ ተጫዋች አይደለም ስሙ።

እዚህ ላይ የፖከር ምሳሌነት ያበቃል። የሚያበቃበትን ቦታ ማወቅም ይጠቅማል። ያለፈው ነገር ወደ እኛ በሦስት ድምፅ ይናገራል ብዬ አስባለሁ። አንደኛው ድምፅ የቁጭት ነው፤ «ይህን ያህል አውጥቼ!» ይላል። ይህ መሰማት የለበትም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሁለተኛው የምስክር ድምፅ ነው፤ «ይህ ሰው ሦስት ጊዜ ዋሽቶኛል፤ ይህ መሬት ሦስት ዓመት አላበቀለም» ይላል። ይህ መሰማት አለበት፤ ስለሚመጣው የሚነግረን ነገር አለውና። ሦስተኛው የቃል ኪዳን ድምፅ ነው፤ «እንዲህ ላደርግ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ሌላ ሰው በቃሌ ታምኖ ኑሮውን አቁሟል» ይላል። ካርታ ይህን ድምፅ አያውቀውም። ማንም ለጥንድ ዘጠኝ ቃል አልገባም። ካርታውን ሲጥሉት አያለቅስም፤ አይራብም። ሰው ግን ያለቅሳል፣ ይራባልም።

አብዛኛው ስሕተታችን እነዚህን ድምፆች በማቀላቀል የሚመጣ ይመስለኛል። ቁጭታችንን «ቃል ኪዳን» ብለን እንሰይመውና በከሰረ ሥራ፣ በከሸፈ ፖለቲካ ላይ ዕድሜ እንጨምራለን። በተቃራኒው ደግሞ ቃል ኪዳናችንን «ያለፈ ወጪ» ብለን እንሰይመውና ያመኑንን ሰዎች ጥለን እንሄዳለን። ለመለየት የሚረዳ አንድ ጥያቄ አለ። እኔ ብለቅ የሚጎዳው ማን ነው? ክብሬ ብቻ ከሆነ ቁጭት ነው፤ መልቀቅ ይሻላል። በእኔ ላይ የተደገፈ ሌላ ሰው ከሆነ ግን ሒሳቡ ካርታ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሒሳብ አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል። በፖከር ሕግ ባላጋራው በጣለለት ጊዜ አሸናፊው ካርታውን የመግለጥ ግዴታ የለበትም። የጣለ ሰው ትክክል መሆኑን ሳያውቅ ሊቀር ነው። ብዙ ሰው መጣል ሲገባው የሚከፍለው ለማሸነፍ ሳይሆን ለማወቅ ነው። እርግጠኛ አለመሆን ከኪሳራ ይልቅ ያምመዋልና እርግጠኝነትን በገንዘብ ይገዛል። በኑሮም ያው ነው። ያልሄድንበት አገር፣ ያላገባናት ሴት፣ የተውነው ሥራ ካርታቸውን አይገልጡልንም። የመልቀቅ ጥበብ እንግዲህ የሒሳብ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ሳያውቁ የመኖር ትዕግሥትም ነው። ወረቀት የተጻፈበትን ሁሉ ይዞ ይኖራል፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ሰው ግን ምርጫ ተሰጥቶታል። የሚይዘውን ይዞ፣ የሚለቀውን ለቆ፣ ተሸፍኖ የቀረውን ካርታ ዞሮ ሳያይ ይነሣል።